ቆሽቴ አርሮ ስለምነው ሰማኝ

እግዚአብሔር ይመስገን ለዚህ ቀን አበቃኝ። ልጄ ከዳነች እመሰክራለሁ ብዬ ነበር፤ ቃሌን ልፈጽም።

ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ግራ ጎኗን ያማታል። ሁለት ጉርሻ ሳትውጥ «ጠገብኩ» ትላለች። አንድ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ለወራት መድኃኒት አስዋጣት። አንድ ማታ ሆዷን ቅባ ቅዱስ ስቀባት ከጎድኗ ሥር ጠጠር ያለ ነገር እጄ ላይ መጣብኝ።

በሲቲ ስካን ሲታይ ቆሽቷ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ዕጢ አለ። እኔ ቆሽት ሲባል የማውቀው ስንናደድ የሚያርረውን ነው። ዶክተሩ አንድ ወረቀት ገልብጦ በእስክሪብቶ ሣለልኝ። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ ጭራው ጣፊያ የሚነካ ነገር። ዕጢው ጭራው ላይ ነው።

«እናቴ፣ ይሄ ዓይነቱ በብዛት ወጣት ሴቶችን ነው የሚይዘው። ቀስ ብሎ ያድጋል። ሙሉ በሙሉ ከወጣ አብዛኞቹ ይድናሉ» አለኝ። ዕጢው የቆሽቷ ራስ ላይ ቢሆን ኖሮ ከትንሹ አንጀት ጋር ቆርጦ እንደገና መቀጠል ነበረበት። ጣፊያዋ ከተጣበቀ ግን አብሮ ይወጣል። ጣፊያ የሌለው ሰው በኢንፌክሽን ቶሎ ስለሚጠቃ አስቀድማ ተከተበች።

ወረቀቷን ዳዊቴ ውስጥ ከተትኳት። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ለጌታ አድርስልኝ፤ ጥላ ይዤ እመጣለሁ» አልኩ። ፀበሉንም ቀጠሮውንም አላጓደልኩም። «ቢላ ከነካው ይብስበታል» ያሉኝ ነበሩ። እናቶች፣ እንዲህ የሚሏችሁን አትስሙ።

ኦፕራሲዮኑ 5 ሰዓት ፈጀ። ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። ቃል ሁሉ ጠፋብኝ፤ «ጌታዬ፣ ጣፊያዋን እንኳ ተውላት» ብቻ እላለሁ። ዶክተሩ ቆቡን ሳያወልቅ ወጣ። «ሙሉውን አውጥተነዋል። ጣፊያዋም አልተነካም።» እዚያው ወለሉ ላይ ተደፋሁ።

ከዚያ ደግሞ የቱቦው ጭንቀት መጣ። የቆሽቷ ፈሳሽ እያፈሰሰ እንደሆነ የሚታወቀው ከሆዷ በወጣው ቱቦ ነው። በየጠዋቱ ከነርሷ ጋር ጎንበስ ብዬ መልኩን አያለሁ። ስኳሯንም ይለካሉ። በ9ኛው ቀን ቱቦው ወጣ። ባዮፕሲውም ዶክተሩ እንዳለው ሆነ፤ ኬሞ አላስፈለጋትም። ክትትሉ እስካሁን አልተቋረጠም።

ዘንድሮ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄድን። ጥላውን ዳገቱን ራሷ ይዛ ወጣች፤ ልቀበልሽ ብላት እምቢ አለች። ቅዳሴ ሲያልቅ ሽሮ በእንጀራ አቀረብኩላት። ጨርሳ ቀና አለችና «እማ፣ ጨምሪልኝ» አለችኝ።