የአስታማሚዋ አውራ ጣት

በሽተኛው የ72 ዓመት ሰው ናቸው፤ ክብደታቸው 61 ኪሎ። የትልቁ አንጀት ዕጢ ወጥቶላቸው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሪከቨሪ (ከሰመመን መንቂያው ክፍል) ወደ ቀዶ ሕክምና ዋርድ ገቡ። ሆዳቸው በረጅም ስፌት ተዘግቷል፣ በአፍንጫ በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን ይሄድላቸዋል፣ የሽንት ካቴተር (ሽንት ከፊኛ ወደ ከረጢት የሚያወርድ ቱቦ) አላቸው፣ ለሕመሙ ደግሞ በሽተኛው ራሱ ቁልፍ እየተጫነ ሞርፊን የሚወስድበት ፓምፕ ተገጥሞላቸዋል። አስታማሚያቸው ልጃቸው ናት። እሷም ነርስ ናት፤ በሌላ ሆስፒታል፣ ያውም ቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ 11 ዓመት የሠራች። በማታው የተረኛ ነርሶች ርክክብ ላይ ይህም አብሮ ተላለፈ፦ «እዚያኛው አልጋ አያሳስብሽም፣ ልጃቸው ነርስ ናት።» ነገሩ መበላሸት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ፓምፑ የሚሠራው እንዲህ ነው። በሽተኛው ቁልፉን ሲጫን 1 ሚሊግራም ሞርፊን በደም ሥር ይገባል፤ ከዚያ ፓምፑ ለ5 ደቂቃ ይቆለፋል። በመሃል ቢጫኑት ጥያቄውን ይመዘግባል እንጂ መድኃኒት አይሰጥም። ብዙ ሰው በሽተኛውን የሚጠብቀው ያ 5 ደቂቃ ይመስለዋል፤ አይደለም። በደም ሥር የገባ ሞርፊን አንጎል ላይ ሙሉ ኃይሉ እስኪታይ 15 እና 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ጫፉ ላይ ሳይደርስ ሦስት ሌላ ሊደረብበት ይችላል። እውነተኛው መቆለፊያ እንቅልፍ ነው። መድኃኒት የበዛበት ሰው ይተኛል፣ የተኛ ሰው ቁልፍ አይጫንም፣ ደሙ ውስጥ ያለው እስኪቀንስ ፓምፑ ሥራ ይፈታል። ሌላ ሰው ሲጫንለት የሚሰበረው ይህ መቆለፊያ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አባትየው በእንቅልፍ ልባቸው ያቃስቱ ጀመር። ግንባራቸው ይቋጠራል፣ እጃቸው ከእምብርታቸው በታች እየሄደ ይመለሳል። ልጅየዋ ቁልፉን ከትራሱ ሥር አውጥታ ተጫነችው። ፊታቸው ሲፈታ አየች፤ ትንሽ ቆይቶ ሲቋጠር ደገመችው። ሕመም ሳይበረታ መቅደም ይሻላል የሚለው ትምህርት በጭንቅላቷ ነበር፣ ትምህርቱም ስህተት አይደለም። ስህተቱ ነቅቶ «አመመኝ» ላላለ ሰው መሥራቱ ላይ ነው። ኋላ የፓምፑ መዝገብ ሲከፈት አባትየው ራሳቸው በ5 ሰዓት ውስጥ 9 ሚሊግራም ወስደዋል፤ እሷ ከያዘችው ወዲህ ባሉት 2 ሰዓታት ደግሞ 14 ገብቷል።

በዚህ ሁሉ መሃል ጣታቸው ላይ ያለው ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ) 96 በመቶ ይላል። ተረኛዋ ነርስ በ2 ሰዓትም በ4 ሰዓትም መጥታ ያንን 96 አይታለች፣ የደቂቃ ትንፋሹንም ሁለቴ «20» ብላ ጽፋለች። ዋርድ የሠራ ሰው ይህን 20 ያውቀዋል፤ ከበር ላይ ሆነው የሚጽፉት ቁጥር ነው። አልጋው አጠገብ ነርስ ተቀምጣለች፣ ሌሎቹ አልጋዎች ማንም የላቸውም፤ በእሷ ቦታ ሆኖ ያልተሳሳተ ካለ ብርቅ ነው። ልጅየዋ በበኩሏ ተረኛዋ ቆጥራለች ብላ አምናለች። ሁለት ነርስ ባለበት ክፍል ትንፋሽ የቆጠረ አልነበረም።

ኦክሲሜትሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። የሚለካው ደም የያዘውን ኦክስጅን እንጂ ሳንባ ምን ያህል አየር እንዳገላበጠ አይደለም። ኦክስጅን በቱቦ የሚያገኝ ሰው በደቂቃ 7 ጊዜ እየተነፈሰም ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። በዚያ መሃል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ እሱም በተራው እንቅልፉን ያከብደዋል። ኦክስጅን በቱቦ የማይሰጠው ቢሆን ቁጥሩ ቀድሞ ወርዶ ያስጠነቅቅ ነበር። ለዚህ ነው ሞርፊን ላይ ያለ በሽተኛ ከሁሉ በፊት በንቃቱ፣ ቀጥሎ በትንፋሹ የሚታየው። የንቃት መለኪያው ከ0 እስከ 3 ይሄዳል፦ 0 ንቁ፤ 1 የሚያንቀላፋ፣ ሲጠሩት ግን ነቅቶ የሚቆይ፤ 2 ሲጠሩት ቢነቃም መልሱን ሳይጨርስ የሚተኛ፤ 3 ለመቀስቀስ የሚያስቸግር። 2 ላይ ሥራ ይጀመራል፤ 3 አይጠበቅም።

5 ሰዓት ላይ ልጅየዋን ያነቃት የማንኮራፋቱ ለውጥ ነው። ረጅም ማንኮራፋት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ እንደ ማነቅ ያለ ድምፅ። እጇን ደረታቸው ላይ አድርጋ በ15 ሰከንድ 3 ቆጠረች፤ በ4 ሲባዛ 12፣ ደህና ነው። ልቧ ስላልተቀበለው ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፤ 7 ሆነ። ትንፋሹ ሲዛባ የ15 ሰከንድ ቆጠራ የሚያታልለው እንዲህ ነው፤ ሦስቱ ተከታትለው ይመጡና ቀሪው ጊዜ ባዶ ይሄዳል። «አባዬ!» ስትላቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «እ…» አሉ፣ ቃል ሳይወጣቸው ተመልሰው ተኙ። ያን ጊዜ ጮኸች።

ተረኛዋ ከዚያ በኋላ የሠራችው ሁሉ ትክክል ነበር። መጀመሪያ ፓምፑን አቆመች፣ ቁልፉንም ከአልጋው ላይ አነሳች። ትከሻቸውን እየነቀነቀች «ይተንፍሱ! በረጅሙ ይሳቡ!» ትላለች፤ ሞርፊን የያዘው ሰው መተንፈስ ይረሳል እንጂ ሲታዘዝ ይተነፍሳል። አገጫቸውን ቀና አድርጋ የአየር መንገዱን ከፈተች፣ በአፍንጫ የነበረውን ኦክስጅን ወደ ማስክ ቀየረች፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ትራሱ ጎን ተቀመጠ። የጣት ደም ስኳርም ታየ፣ አልቀነሰም። ተረኛው ሐኪም እንደ ደረሰ የሞርፊንን ኃይል የሚሽረው ናሎክሰን ታዘዘ።

ናሎክሰን ላይ ብዙዎች የሚቸኩሉት አምፑሏን እንዳለች መግፋት ነው። የ1 ሲሲ አምፑል 0.4 ሚሊግራም ይይዛል። ሆዱ በዕለቱ የተከፈተ ሰው ትንፋሹ ፈጽሞ ሳይቆም ያንን በአንዴ ቢቀበል ሕመሙ ሁሉ በአንድ አፍታ ይመለስበታል፤ የደም ግፊቱ ይተኮሳል፣ የልብ ምቱ ሊዛባ፣ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ በ9 ሲሲ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ቀጥኖ 10 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሲሲ 0.04 ሚሊግራም ነው። ለእሳቸው 2 ሲሲ ተሰጠ፣ 2 ደቂቃ ተጠብቆ 2 ሲሲ ተደገመ፤ ትንፋሻቸው 12 ገባ፣ «ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ። ግቡ ይሄው ነው፤ ሕመም የሌለው ሰው ሳይሆን የሚተነፍስና የሚያናግር ሰው።

ሥራው በዚህ አያልቅም። ናሎክሰን ከሞርፊን ቀድሞ ከሰውነት ይወጣል፤ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው ዕድሜው። ከ50 ደቂቃ በኋላ ትንፋሻቸው እንደገና 8 ወረደ፣ 2 ሲሲ ተጨመረ። በየ15 ደቂቃው ባይታዩ ኖሮ ሁሉም ሰው «ተርፈዋል» ብሎ በተበተነበት ሰዓት ማንም ሳያየው ያልፍ ነበር።

አሁን ወደ ማቃሰቱ እንመለስ፤ ምክንያቱን ያገኘው ሰው የለም ነበርና። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በግራ ጎናቸው ሲገለበጡ የካቴተሩ ቱቦ ጭናቸው ሥር ገብቶ ታጥፏል። ከረጢቱ ውስጥ 40 ሲሲ ብቻ አለ። ለ61 ኪሎ ሰው የሚጠበቀው ቢያንስ በሰዓት 30 ሲሲ ነው፤ በ4 ሰዓት 120። ተረኛዋ ጭናቸውን አንስታ ቱቦውን ስታቃና ሽንቱ ወረደ፤ 410 ሲሲ። እጃቸው ከእምብርት በታች የሚሄደው ፊኛቸው ስለሞላ ነበር። ሞርፊን ደግሞ ያንን ሕመም ሊያደነዝዝ ይችላል እንጂ ፊኛውን አያጎድልም።

በካርዱ ላይ ሌላም ነገር ተገኘ። በየ6 ሰዓቱ 1 ግራም ፓራሲታሞል ታዝዞ የማታው አልተሰጠም፤ ጎኑ ላይ «ፓምፕ አለው» ተብሎ ተጽፏል። ፓራሲታሞሉ የሚታዘዘው የሞርፊኑን ፍላጎት እንዲቀንስ ነው፤ ፓምፕ አለ ተብሎ ከተዘለለ ፓምፑ የእሱንም ሥራ ይሸከማል።

ነርስ ሆኖ የራስን ሰው ማስታመም ከሁሉ የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ላይ ነው። ፓምፑን፣ የጉሉኮሱን መቆጣጠሪያ፣ የኦክስጅኑን መጠን፣ ድሬኑን (ከሆድ ውስጥ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ)፣ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ የሚነካ ተረኛው ብቻ ይሁን። ጉሉኮሱ ትንሽ ፈጠን ቢል ምን አለበት ይባላል፤ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ወረቀት ያንን አያውቅማ! ገና በሽተኛው ዋርድ እንደ ገባ «ሲስተር፣ ነርስ ነኝ፤ ዛሬ ግን አስታማሚ ነኝ፣ እኔ አለሁ ብለሽ የምትተይው ነገር አይኑር» ማለት ያሳፍራል፤ ግን መባል አለበት።

የተፈቀደው ሥራ ራሱ ሰፊ ነው። የአልጋውን ራስጌ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ እንዲል መጠየቅ። ሲነቁ ቁስሉ ላይ ትራስ አስደግፎ በየሰዓቱ 10 ጊዜ በረጅሙ ማስተንፈስና ማሳል። መነጽርና የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ካላቸው ቶሎ መመለስ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው የማያይና የማይሰማ ከሆነ በሌሊት ይቃዣል። በተገለበጡ ቁጥር እያንዳንዱን ቱቦ ከሰውነት እስከ ከረጢቱ በዓይን መከተል፤ 10 ሰከንድ አይፈጅም፣ በዚያች ሌሊት ግን የጎደለችው እሷ ናት።

ሌላው የአነጋገር ነገር ነው። «አላማረኝም» ሲባል ተረኛ ሰው «እመጣለሁ» ይላል። «ትንፋሹ በሙሉ ደቂቃ 9 ነው፣ ከአንድ ሰዓት በፊት 14 ነበር፣ ሲጠራ መልሱን አይጨርስም፣ አሁን ይታይልኝ» ሲባል ግን ይነሳል። ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ቀናትም እንዲሁ ነው፤ የልብ ምት ከ80ዎቹ ወደ 110 ከወጣ ሙቀት ባይኖርም ይነገር፣ የተሰፋው አንጀት ማፍሰሱ መጀመሪያ በዚያ ሊታይ ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት የሰመመን ሐኪሙ መጣ። ፓራሲታሞሉ በሰዓቱ እንዲሰጥ፣ የፓምፑም መጠን በአንድ ጊዜ ወደ 0.5 ሚሊግራም እንዲወርድ አዘዘ፤ ፓምፑ ላይ «በሽተኛው ብቻ ይጫን» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከዚያ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሞላውን ቅጽ አነሳ። «በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቋረጥ» በሚለው ፊት «የለም» ተጽፏል። ያን ቀን የመለሰችው ልጅየዋ ናት፤ የአባቷን መድኃኒትና መጠኑን በቃሏ ስለምታውቅ ጥያቄው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ነበር፣ እናትየዋ አጠገቧ ተቀምጠው። ከአባቷ ቤት ከወጣች ግን ብዙ ዓመቷ ነው።

ሐኪሙ አሁን ወደ እናትየዋ ዞሮ «እናቴ፣ ሌሊት ትንፋሻቸው ይቋረጣል?» አላቸው።

«ይቋረጣል እንጂ» አሉ። «እኔም ተኝቼ እቆጥራለሁ። አንዳንዴ 20 ስደርስ ነው የሚመለስለት።»