ትቶ ነበር እኮ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ። አንዲት እናት ወጣት ልጃቸውን ይዘው ገቡ። «አረቄውን ከትናንት ወዲያ እርግፍ አድርጎ ተወው። አሁን ግን እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። እስቲ ቫይታሚን ስጭኝ የኔ ልጅ» አሉ። ልጁ ውሃ ሲሰጡት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። እንዲያም ሆኖ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። በመንቀጥቀጡ አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ፋርማሲስቷ ቫይታሚኑን አልሸጠችላቸውም። «አብሽሩ እማማ፤ ግን አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዱት» አለቻቸው።

እውነቷን ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም አንጎሉ ይረበሻል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሲብስ ይጥለዋል፣ ያቃዠዋል። ሊሞትም ይችላል! ሐኪም ግን ዳያዚፓም በተባለ ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ያሻግረዋል። ዋናው ሕክምና፣ ምክሩና ክትትሉ፣ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቢያገረሽበት እንኳ እንደ ደም ግፊት ሕክምናው ይስተካከላል እንጂ ሰውየው አይጣልም።

ሰፈር ውስጥ «ወንድ ከሆንክ ተው» እንላለን። ልጁ እኮ ትቶ ነበር! ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ። ብቻ ሐኪሙን አታስቀሩበት፤ በተለይ በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት።