ሰባት ጉልደን ተኩል

ሥራዬ ሆላንድ፣ ሀርለም ከተማ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። አምና ሜይ 4 የማታ ፈረቃ ነበርኩ። ዘጠና ሊደፍኑ ትንሽ የቀራቸው እናት እራታቸውን በልተዋል፣ መድኃኒታቸውንም ሰጥቻለሁ። ምንጣፉን ቶሎ ጠርጌ ልውጣ ብዬ የአቧራ መጥረጊያ ማሽኑን አስነሳሁ። ልክ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት።

እጃቸውን አነሱ። የታመሙ መስሎኝ "ምን ሆኑ?" እያልኩ በማሽኑ ላይ እጮሃለሁ። እሳቸው መስኮቱን ያሳዩኛል። መንገዱ ጭር ብሏል። ለካስ በየዓመቱ በዚያች ሰዓት ለጦርነት ሙታን ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል። ስድስት ዓመት ኖሬ! መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይቅርታ ስጠይቅ "ተቀመጪ" አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1943፣ ናዚዎች ሆላንድን ይዘው ሳለ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤታቸው ጣሪያ ሥር ባለችው ክፍል አራት አይሁዳውያን ተደብቀዋል፤ ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች።

"አልወዳቸውም ነበር" አሉኝ፣ ምንም ሳያለሳልሱ። "አልጋዬን ለነሱ ልጅ ሰጡብኝ። ጓደኛ ቤት ማምጣት ቀረ። የራሽን ካርዱ የሦስት ሰው፣ በሊታው ሰባት።"

የቀበሌ ራሽን የሚያውቅ ሰው ይቺን በደንብ ይረዳታል።

"ሰውየው ግን ሒሳብ ያስጠናኝ ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ልጆች ሲያወሩ ሰማሁ። አይሁዳዊ ለሚይዝ በነፍስ ወከፍ ሰባት ጉልደን ተኩል ይከፈላል።" (ጉልደን የድሮው የሆላንድ ገንዘብ ነው። ወሬው እውነት ነው። በዚያ ዓመት የተደበቁ አይሁዳውያንን እያደኑ ለሚያስይዙት የሚከፈላቸው ይኸው ነበር።) "ቤት እንደገባሁ ሮጬ ወጣሁና 'ሰባት ተኩል ሲባዛ በአራት ስንት ነው?' አልኩት። 'ሠላሳ' አለኝ ወዲያው። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠ። ከየት አመጣሽው አላለኝም። ለምን በአራት አላለኝም። ወረቀቱን ሲመልስልኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ትልቅ ሰው እኔን ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።"

ከማግስቱ ጀምሮ ዳቦውን ወደ ላይ የሚያወጡት እሳቸው ሆኑ። ያዘዛቸው የለም።

"ተረፉ?" አልኩ።

"አራቱም።"

ከአገሪቱ 140,000 ገደማ አይሁዳውያን ከ100,000 በላይ የሚሆኑት አልተረፉም።

ከመውጣቴ በፊት የዕለቱን መዝገብ ሞላሁ። እራት በልተዋል። መድኃኒት ወስደዋል። ምንጣፉ አልተጠረገም።