በ200 የበረራ ሰዓት ለካዴት ፓይለትነት ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት

ለመጀመሪያው የካዴት ፓይለት (አየር መንገድ ተቀብሎ የሚያሠለጥነው ጀማሪ አብራሪ) ቃለ መጠይቅ በቀረብኩበት ቀን ሎግቡኬ (የበረራ መዝገቤ) ላይ የሰፈረው 206 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛውንም የበረርኩት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ ነበር። ከጠያቂዎቹ መካከል የነበሩት ካፒቴን፣ ቪ ዋን የሚባለው የመነሻ ውሳኔ ፍጥነት ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ትርጉሙን እንደ ዳዊት ደገምኩላቸው። አስከትለውም "መንደርደሪያው እርጥብ ሲሆን ቪ ዋን ዝቅ የሚደረገው ለምንድን ነው?" አሉኝ፤ ዝም አልኩ። መልሱ ከባድ አልነበረም። እርጥብ መሬት ላይ ፍሬን በደንብ ስለማይዝ አውሮፕላኑን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል፤ ስለዚህ መነሣቱን ለማቋረጥ የሚወሰንበት የመጨረሻው ፍጥነት ቀንሶ፣ ለማቆም በቂ መንደርደሪያ እንዲተርፍ ይደረጋል። እኔ ግን ትርጉሙን በቃሌ ይዤው እንጂ ተረድቼው ስላልነበር ከእርሱ አንድ እርምጃ ማለፍ አልቻልኩም። በዚያ ዙር አላለፍኩም፤ ውሳኔያቸውም ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለሁለተኛው ስዘጋጅ የአጠናን መንገዴን ለወጥኩ። የማውቀውን እያንዳንዱን ነገር "ለምን?" እና "ሁኔታው ቢለወጥስ?" በሚሉ ጥያቄዎች እየፈተንኩ፣ አብራሪ ላልሆነ ጓደኛዬ ድምፄን አውጥቼ አስረዳው ነበር። ለምሳሌ ጎማ በውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት በኖት (በሰዓት በሚታለፍ ኖቲካል ማይል) ለመገመት፣ በፒ ኤስ አይ (በግፊት መለኪያ አሃድ) የተለካውን የጎማ ግፊት ስኩዌር ሩት በ9 ማባዛት እንደሚበቃ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ግፊቱ 144 ከሆነ ውጤቱ 108 ኖት ነው። ጓደኛዬ ግን "ታዲያ የጎማው ነፋስ ቢጎድልስ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መንሳፈፉ በዝቅተኛ ፍጥነት እንደሚጀምር፣ ከበረራ በፊት ጎማ የሚታይበትም አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ አሰብኩ። የቁልቁለት ስሌትም እንዲሁ ነው፤ 30,000 ጫማ ለመውረድ በግምት 90 ኖቲካል ማይል ያስፈልጋል ማለት ቀላል ሲሆን፣ ከኋላ ኃይለኛ ነፋስ ካለ ለምን ቀደም ብሎ መውረድ መጀመር እንደሚገባ ማስረዳት ግን የተረዳውን ሰው ይለያል።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሰጠሁት ለሎግቡኬ ነው። ጥቂት ሰዓት ያለው ሰው የሚናገረው የሥራ ልምድ ስለሌለው፣ እያንዳንዷ መስመር የምትጠየቅበት የሕይወት ታሪኩ ናት። እኔም ብቻዬን ባደረግኩት አንድ ረጅም በረራ ላይ ከፊት የሚነፍሰው ነፋስ ከተነበየው 10 ኖት ወደ 25 ገደማ ከፍ ብሎ ሳለ፣ የነዳጁን ስሌት ዳግመኛ የሠራሁት ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ ነበር። መጠባበቂያውን ሳልነካ አቅራቢያዬ ወዳለ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ዞሬ አረፍኩ። ስለ ስሕተት ሲጠየቅ ብዙ አመልካች ስሕተት የማይመስል ስሕተት መርጦ ያቀርባል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው። እኔ መዘግየቴን በግልጽ ተናግሬ፣ ከዚያ ወዲህ ነዳጁን በየትኛው ምልክት ላይ እንደማሰላ በቁጥር አስረዳሁ፤ ጠያቂዎቹም ረዘም አድርገው የተከታተሉት ጥያቄ ይህ ነበር።

ካፒቴኑ ተሳስቷል ብለህ ብታስብ ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄም አይቀርም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፣ ለመነሣት በሚንደረደረው አውሮፕላን ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣት አለመውጣቱን ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን ጥርጣሬውን ሳይቀበል ቀጠለ። "እናገራለሁ" ብሎ መመለስ ስለዚህ አይበቃም። መጀመሪያ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ካልተሰማሁ ስጋቴን በግልጽ ቃል እደግማለሁ፤ ጊዜ ከሌለና አውሮፕላኑ ለማረፍ የተረጋጋ ካልሆነ ደግሞ "ጎ አራውንድ" (ማረፉን ትተን እንደገና ወደ ላይ እንውጣ) እላለሁ። ይህን ቅደም ተከተል በአፌ እስኪለምድ ደጋግሜ ተለማመድኩት።

ከቃለ መጠይቁ ጋር የሚሰጠውን የኮምፒውተር ፈተና በየቀኑ ለአጭር ጊዜ በቃል ስሌት መለማመድ ያቀልለዋል። በቡድን ሥራው ደግሞ ሰዓቱን መጠበቅና ዝም ያለውን ሰው ማሳተፍ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

በረራን በምድር ላይ ስለሚያስመስለው መሣሪያ፣ ስለ ሲሙሌተሩ ግን አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ ትንሽ ሰዓት ያለው ሰው አዲስ አውሮፕላን ላይ ፍጹም እንዲበር ማንም አይጠብቅም። በሁለተኛው ቃለ መጠይቄ ለማረፍ ወደ መንደርደሪያው ያደረግኩት የመጀመሪያው አቀራረብ ከመስመሩ እየወጣ ሲወዛወዝ፣ ገምጋሚው ሞተሩን ከሚገባው በላይ እየነካካሁ እንደሆነ ነገሩኝ። ለባለ 3 ዲግሪ ቁልቁለት ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት በ5 አባዝቼ፣ ማለትም በ140 ኖት የመውረጃውን ፍጥነት በደቂቃ 700 ጫማ አድርጌ፣ የአፍንጫውን ከፍታና የሞተሩን ኃይል ከያዝኩ በኋላ እጄን አሳረፍኩ፤ ሁለተኛው አቀራረብ ከመጀመሪያው በግልጽ ተሻለ። ገምጋሚው ማስታወሻ ሲጽፉ ያየሁት ያን ጊዜ ነበር።