የማታ ቡናና አዴኖሲን

ቡና ጉልበት አይሰጥም፤ ድካምን ይደብቃል እንጂ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። በነርቭ ሴሎች ላይ ባሉት ማረፊያዎቹ (ተቀባዮቹ) ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን ቅርጹ ስለሚመስለው ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል፤ አዴኖሲኑ ግን መጠራቀሙን አላቆመም። ካፌይኑ ሲለቅ ድካሙ ባንዴ የሚጫነን ለዚህ ነው።

ከጠጣነው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ ሰውነት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት አቦል የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲተኛ ግማሹ ገና ደሙ ውስጥ አለ። ቶናውና በረካው ቀጠን ቢሉም ይደመራሉ። «እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም» ባዮች እንኳ ቢተኙም ጥልቁ እንቅልፋቸው ይሳሳል። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ግማሹን ካፌይን የማስወገጃው ጊዜ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብልም እጥፍ ገደማ ያስረዝመዋል። ሲጋራ በተቃራኒው ያሳጥረዋል (ለማጨስ ሰበብ አይሆንም!)።

የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት ባያልፍ ጥሩ ነው። መተው የፈለገ ደግሞ ባንዴ አይቁረጥ፤ ካፌይን ያጠበባቸው የአንጎል ደም ስሮች ሲሰፉ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሐራራው በራስ ምታት ይጀምራል። በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ መቀነስ ይቀላል።