ክፍት መልሶችን በኤአይ እገዛ ኮድ ማድረግ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የማኔጅመንት ጥናት የምትሠሩ ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ። ሠራተኞች ስለ አለቆቻቸው በራሳቸው ቃል የጻፉትን ታነባላችሁ። ለእያንዳንዱ መልስ ጭብጥ ትሰጣላችሁ፤ ኮድ ማድረግ የምንለው ይህን ነው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። መልሱ ሲበዛ ጠዋት «ፍትሐዊነት» ያላችሁትን ማታ «አክብሮት» ማለት ይመጣል። ይህን ሥራ በቻትጂፒቲና በመሰሎቹ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያዎች እገዛ መሥራት እየተለማመድኩ ነው። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ያነሳሳኝ ጊላርዲ፣ አሊዛዴህና ኩብሊ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ጥናት ነው። ትዊቶችንና የዜና ጽሑፎችን በመመደብ ሥራ ቻትጂፒቲ በኦንላይን ከሚቀጠሩ መዳቢዎች የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ወጪውም ለአንድ ምደባ ከ0.003 ዶላር በታች ነበር። ያጓጓል። እኔ እጅ ያለው ግን ትዊት አይደለም። ሥራውን ላለማጣት የሚጠነቀቅ ሰው የጻፈው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅሬታውን በሰምና ወርቅ ነው የሚናገረው።

ስለዚህ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የተወሰኑ መልሶችን በዕጣ መረጥን። እኔና አንዲት ባልደረባዬ ለየብቻችን በእጃችን ኮድ አደረግናቸው፤ ከዚያ ተከራክረን አንድ አቋም ያዝን። የማሽኑን ሥራ የምመዝነው በዚህ ነው። አደራ የምላችሁ፣ ይህን ደረጃ አትዝለሉት።

ስትመዝኑ ደግሞ «ይህን ያህል በመቶ ተስማማን» በሚል ቁጥር ብቻ አትርኩ። ከ100 መልሶች 90ው ስለ ፍትሐዊነት ምንም አላነሱም እንበል። ምንም ሳያነብ ለሁሉም «የለም» የሚል ማሽን ከእናንተ ጋር 90 በመቶ ይስማማል! ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ካፓ የተባለ የስምምነት መለኪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ይቀንሳል። ያ ሰነፍ ማሽን በካፓ ሲለካ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ካፓን ለእያንዳንዱ ጭብጥ ለየብቻ አስሉት፤ አማካዩ ደካማውን ጭብጥ ይሸፍነዋል።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት ኮድቡኩ ላይ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ጭብጥ ትርጉም በተጻፈበት መመሪያ ላይ ነው። ፕሮምፕት (ለማሽኑ የምንጽፈውን ትእዛዝ) ከማሳመር ይልቅ ትርጉሙን ማጥራት በጣም ይጠቅማል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «አለቃዬ በሥራዬ ጣልቃ አይገባም» የሚል መልስ አለ። እምነት ነው ወይስ ችላ መባል? ማሽኑ ደጋግሞ «እምነት» ይለዋል። በጎ በጎውን ማንበብ ይቀናዋል። ሠራተኛው ግን ሌላ ጥያቄ ላይ «ስቸገር የማማክረው የለኝም» ብሎ ጽፏል። አሁን የአንድን ሰው መልሶች አንድ ላይ ነው የምሰጠው። ኮድቡኩም ጭብጡ ምን እንደሚጨምር ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይጨምር ይናገራል፤ ድንበር ላይ ያሉ ምሳሌዎችም አሉት። «ከዚህ መልስ አይታወቅም» የሚል ምርጫም ጨምሬበታለሁ። ያ ምርጫ ከሌለ ማሽኑ ይገምታል።

ሌላው፣ ለእያንዳንዱ ኮድ የተመሠረተበትን ሐረግ ከመልሱ ላይ ቃል በቃል እንዲጠቅስ አዝዘዋለሁ። ከዚያ ሐረጉ በእርግጥ መልሱ ውስጥ መኖሩን ፈልጌ አረጋግጣለሁ። የሞዴሉን ስም፣ ሥሪትና ቀን መመዝገብም ግድ ነው። ኩባንያዎቹ ሞዴሎቹን ይቀያይራሉ፤ ያው ትእዛዝ በሌላ ቀን ሌላ መልስ ሊያመጣ ይችላል። ስምና መለያ የሆነውን ሁሉ አስቀድሞ ማጥፋትና የተሳታፊዎችን ፈቃድ ማየት ለድርድር አይቀርብም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ቢሲጂ (ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ) በተባለው አማካሪ ድርጅት በሚሠሩ 758 አማካሪዎች ላይ የተሠራውን ሙከራ ሳነብ ይህ ሁሉ ድካም ትርጉም ሰጠኝ። ኤአይ በሚችላቸው ሥራዎች ላይ ተጠቃሚዎቹ በ25 በመቶ ገደማ ፈጠኑ። ከአቅሙ ውጭ እንዲሆን በተመረጠው ሥራ ላይ ግን ትክክለኛ መልስ የማግኘት ዕድላቸው ካልተጠቀሙት በ19 የመቶኛ ነጥብ ያህል አነሰ። ድንበሩ በዓይን አይታይም። በእጅ የተሠራው ናሙና ድንበሩን የሚያሳየኝ መሣሪያ ነው።

ኤአይን በሰው ምትክ መጠይቅ ማስሞላት የሚሞክሩም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማሽኑ የሚሰጠው መልስ ወደ መሐል ይሰበሰባል፤ የማኅበራዊ ጥናት ጣዕሙ ደግሞ ከመሐል የወጣው ሰው ነው። የተበደለውን ሠራተኛ መስማት ከፈለግን ራሱን እንጠይቀው።

ለምታስተምሩ አንድ ነገር ልበል። ጽሑፍ በማሽን የተጻፈ መሆኑን እለያለሁ በሚል የኤአይ መለያ ሶፍትዌር ተማሪን መክሰስ ይቅር። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. አንስቶታል። በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት ደግሞ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው ከጻፏቸው ድርሰቶች ከግማሽ በላዩን መለያዎቹ የማሽን እንዳሏቸው አሳይቷል። እኔ ተማሪዎቼ በእጃቸው የሠሩትንና ማሽኑ የሠራውን ጎን ለጎን እንዲያመጡ አደርጋለሁ። ልዩነቱ ላይ እንነጋገራለን። ጥሩ ክርክር ይነሳል፤ ማን አንብቦ እንደመጣም ያኔ ይታወቃል።

አሁን የያዘኝ ሁለት ጭብጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚይዙ መልሶች ናቸው። ማሽኑ አንዱን ይይዝና ሌላውን ይተዋል። ጭብጦቹን አንድ በአንድ፣ ለየብቻ «አለ ወይስ የለም?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ጊዜና ወጪ ይጨምራል፤ ውጤቱ ግን ተስፋ ሰጪ ነው። ሌላ መንገድ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ረጃጅም ቃለ መጠይቆች ላይ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።