ሁሉንም አጥብቄው ነበር

ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ በጣም ቀንሷል። ያስቸገረን የማይወጣው ነው።

ባለቤቴ «እንዲሁ የሚጣል ነገር የለም» ብላ ካወጀች ወዲህ ቤቱ የራሱ ሕግ አለው። የማርማላታ ጠርሙስ ታጥቦ ይደረደራል። የአይስክሬም ዕቃ ከፍቶ አይስክሬም ያገኘ ሰው እስካሁን የለም። ወይ መርፌና ክር ነው፣ ወይ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ወይ ያለቀ ባትሪ። (በባትሪው እንኳን አልከራከራትም። በተለይ ሊቲየም ያለበት ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተጥሎ ሲጨፈለቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።)

ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። የዕቃው ቂጥ ላይ፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ፣ ከ1 እስከ 7 የሆነ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ሦስት ማዕዘኑን ሲያይ «ይሄ ተመልሶ ይሠራል ማለት ነው» ይላል። አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ዕቃው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ብቻ ነው። 1 እና 2 በብዙ ቦታ ተቀባይ አላቸው። 6ን ግን እሺ ብሎ የሚወስድ ማግኘት ከባድ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ወድጄ እንዳይመስላችሁ። የእርጎ ዕቃ ይዤ ወደ ቅርጫቱ ስጠጋ ከሳሎን «ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ቁጥሩን ለማየት ዕቃውን ከፍ አድርጌ አዘነብላለሁ። የተረፈው እርጎ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ክርኔ ይወርዳል።

«5 ነው» እላለሁ።

«ታጥቧል?» ትላለች።

እኔ ታጥቤያለሁ።

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም። ጉዱ የመጣው ከብርቱካን ልጣጭ ነው።

ባለቤቴ ከልጣጭ የወለል መወልወያ ትሠራለች። 1 እጅ ስኳር፣ 3 እጅ ልጣጭ፣ 10 እጅ ውሃ። ተቀላቅሎ ለ3 ወር ይቀመጣል። ልጣጩ ላይ ያለው እርሾ ስኳሩን እየበላ ጋዝ ያወጣል፣ በተለይ በመጀመሪያው ወር። ስለዚህ ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላም፣ ብርጭቆም አይሆንም፣ ክዳኑም ላላ ይደረጋል። እሷ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። በፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞልታ፣ ክዳናቸውን አላልታ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው መደርደሪያ ደርድራቸው ነበር። ከታቻቸው ስንት ጊዜ ስታጠራቅም የከረመችው ካርቶን አለ። ፕላስተሩ ተልጦ፣ ተጠፍጥፎ፣ በመጠኑ ተደርድሮ። የእኔ ሸሚዞች እንደዚያ ታጥፈው አያውቁም።

በዚህ መሀል እማዬ ልትጠይቀን መጣች።

እማዬ ፌስታል አጥባ ሌላ ፌስታል ውስጥ የምታስቀምጥ ሰው ናት። ከባለቤቴ ጋር ወዲያው ገጠሙ። ጠርሙሶቹን ዞራ አየቻቸው፣ አሸተተቻቸው፣ «ጎበዝ ልጄ» አለቻት። አንድ አመል ብቻ አላት። ክዳኑ የላላ ነገር ካየች እጇ አያስችላትም።

ሁላችንም ተኛን።

ሌሊት ላይ «ቧ!» አለ።

እንዴት ከአልጋ እንደወረድኩ አላውቅም። መጥረጊያ አንስቼ በሩን ከፈት አደረግኩ። ባለቤቴ የስልኳን መብራት ይዛ ከኋላዬ ተለጥፋለች። «ማነው?» አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን ወፍራም ድምፅ አውጥቼ። መልሱ ሁለተኛው «ቧ!» ነበር። አንድ ነገር ኮርኒሱን መትቶ ግንባሬ ላይ አረፈ። ክዳን ነው። ባለቤቴ በድንጋጤ ወደ ፊት ገፋችኝ። (እስካሁን «ይዤህ ነበር እንጂ አልገፋሁህም» ትላለች።) ልጣጭ ረግጬ ተንሸራተትኩና በቂጤ ዘጭ አልኩ። ከላይ ያ ኮምጣጣ ውሃ ይንጠባጠብብኛል።

እማዬ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ኮርኒሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በጣም ግራ በገባው ድምፅ፦

«ሁሉንም አጥብቄው ነበር እኮ። እንዴት ፈሰሰ?» አለች።

ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደ እሷ ዞረች። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም ነዋ! እንዳይደፋባችሁ ብዬ።»

ሦስታችንም ወደ መደርደሪያው ቀና አልን። የቀሩት ጠርሙሶች ሆዳቸው እንደ ነፍሰ ጡር ተነፍቷል። አንዱማ ቂጡም ስላበጠ መቆም አቅቶት ግድግዳውን ተደግፏል። ማን ይክፈታቸው የሚለው ላይ ብዙ ውይይት አልተደረገም። እኔ ቀድሞውኑ ረጥቤያለሁ ተባለ።

በአንድ እጄ የትልቁን ድስት ክዳን እንደ ጋሻ ፊቴ ላይ ያዝኩ። ባለቤቴ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ ከሩቅ አቀበለችኝ። የዕቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሼ በሌላው እጄ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። «ጺሺሺሺ...» ይላል። ቆም አደርጋለሁ። ደግሞ አዞራለሁ። እማዬ ከበሩ ሥር ሆና «ቀስ! ቀስ!» እያለች ታዘኛለች። አጥባቂዋ ማን ሆና!

አንድም ሳይፈነዳ ሁሉንም አስተነፈስኩ። የሚያመሰግነኝ ስጠብቅ ባለቤቴ የለችም። ኮሪደሩ ላይ ካርቶኗ ጎን ቁጢጥ ብላለች። ካርቶኑ ከላይ እስከ ታች ርሷል። የራሰና የቆሸሸ ካርቶን ደግሞ ከንጹሑ ጋር ተቀላቅሎ አይሄድም። ሌላውንም ያበላሻል። ለግንባሬ ያላሳየችውን ሐዘን ለካርቶኑ አሳየችው።

«ለምን ብስባሹ ውስጥ አታደርጊውም?» አልኩ፣ ዝም ከምል ብዬ።

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከሠርጋችን ወዲህ አላስታውስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብስባሽ በርሜላችን ሰሞኑን ይሸት ነበር። ልጣጭና እርጥብ አትክልት በዝቶበት፣ ደረቅ ነገር አንሶት ነው። ብስባሽ ደህና ሆኖ እንዲበሰብስ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ወደ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋል። ካርቦኑ ያለው ደግሞ ደረቅ ቅጠል፣ ጭድና ካርቶን ውስጥ ነው። ቀለም ያልበዛበት ተራ ካርቶን ቢርስም ግድ የለውም፣ ተቆራርጦ ይገባል። ስለዚህ ሌሊቱን ሦስታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ካርቶን ስንቀድ አነጋን። እማዬ የተረሳ ፕላስተር ባገኘች ቁጥር ለባለቤቴ እያሳየች «ይቺ አምልጣሻለች» ትላታለች።

ስትሄድ ባለቤቴ ከተረፉት አንዱን ጠርሙስ ሰጠቻት።

«እማማ፣ አደራ፣ ክዳኑን እንዳያጠብቁት።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ሊፈስብኝ?» አለችና እዚያው ፊታችን ጥርሷን ነክሳ አጠበቀችው።

እኔም በሩ ላይ አቅፌ ስሜያት፣ «እማዬ፣ መኪናው ውስጥ ቦርሳሽን ሰው አጠገብ አታድርጊ» አልኳት።